ገበጣን ከእንጨት ፈልፍሎ ለክፍል ማዋል



ገበጣን የማያውቅ ሠልጣኝ በመካከላችን አይገኝም። ከብት ስንጠብቅ መሬት ቆፍረን፣ ጠጠር ለቅመን ያልተጫወትን ማን አለ? ነገር ግን ስለ ገበጣ እንደ ማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ያሰብን ጥቂቶች ነን። ከእንጨት ስለ መሥራቱ ያሰብን ደግሞ ከዚያም ያነስን ነን። በዚህ ጽሑፍ አንድ ገበጣ በቤት ውስጥ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለሒሳብ ትምህርት እንዴት እንደሚውል በቅደም ተከተል እንገልጻለን። ሥራውን የሠራነው በአንዳችን ቤት ጓሮ፣ በአናጢ አጎቱ መሣሪያና ምክር፣ በአራት ቅዳሜዎች ነው።

ዛሬ ጨዋታ ሲባል ለወጣቱ ቶሎ ትዝ የሚለው የሞባይልና የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በውጭው ዓለም በስክሪን ላይ ያዩትን ሰይፍና ጋሻ በቤታቸው መሥሪያ ከእንጨት ቀርጸው በእጃቸው ለመያዝ የሚደክሙ ወጣቶች አሉ። ሰው በዓይኑ ብቻ ያየውን ነገር መዳሰስ ይወዳልና አይፈረድባቸውም። የእኛ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ገበጣ ከስክሪን በፊት በእጃችን የነበረ ጨዋታ ነው። የገበጣ ዘመዶች አሁን በሞባይል ላይ ይገኛሉ፤ ሆኖም ሞባይሉ ቆጥሮ፣ አድሎ፣ ነጥቡን ደምሮ ይጨርሳል። ልጁ የሚቀረው መንካት ብቻ ነው። በእንጨቱ ገበጣ ላይ ግን ቆጣሪውም፣ አዳዩም፣ ደማሪውም ልጁ ራሱ ነው። ለመምህር ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ገበጣ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ገበጣ ጠጠርን ከአንድ ጉድጓድ አንሥቶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ የመዝራት ጨዋታ ነው። ወገኖቹ በአፍሪካ በሰፊው ይገኛሉ፤ በጋና ኦዋሬ፣ በታንዛኒያና በኬንያ ባኦ ይባላሉ። በብዙ አገር የሚታወቀው ባለ ሁለት ረድፉ ነው። ባኦን የመሰሉት አራት ረድፍ አላቸው። ባለ ሦስት ረድፉ ግን በተለይ የኢትዮጵያና የኤርትራ አካባቢ መለያ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ባወጡት ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ እጅግ ብዙ ዓይነት ገበጣ መኖሩን አሳይተዋል። ደንቡ ከአውራጃ አውራጃ፣ አንዳንዴም ከመንደር መንደር ይለያያል። ስለዚህ «ትክክለኛው የእኛ ሰፈር ነው» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ልጆቹ የሚያውቁትን ደንብ መጠየቅና ከዚያ መነሣት ይበልጣል።

መሬት እያለ እንጨት ለምን?

ይህ ጥያቄ በቡድናችን ውስጥ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። አንዳንዶቻችን «መሬት ላይ አሥራ ሁለት ጉድጓድ በአሥር ደቂቃ ይቆፈራል፤ ሳንቲም አይጠይቅም። ታዲያ አራት ቅዳሜ ማጥፋት ምን ይሉታል?» አሉ። ክርክሩ እውነት አለው። ስድሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ስድሳ ልጅ የሚበቃ የእንጨት ገበጣ መሥራት አይቻልም። አንድ ገበጣ ሁለት ተጫዋችና ሁለት ቆጣሪ ቢይዝ እንኳ ለስድሳ ልጅ አሥራ አምስት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ የእንጨቱ የሚረዳባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ። አንደኛ፣ በክረምት መሬቱ ጭቃ ሲሆን፣ በበጋም ነፋሱ አቧራ ሲያነሣ የእንጨቱ ገበጣ ክፍል ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ማለት የማይችል የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከጓደኛው እኩል ይጫወታል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ማየት የተሳነው ልጅ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ለዚህ ልጅ አይደርሰውም። የተፈለፈለ ጉድጓድ ግን ጠርዙ ግልጽ፣ ርቀቱ እኩል ስለሆነ በጣቱ ያገኘዋል፤ ጠጠሩንም ይቆጥራል። በመሬት ላይ የተቆፈረው በእጅ ሲነካ ይፈርሳል፣ አፈሩም ከጠጠሩ ይቀላቀላል። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ የእንጨቱ ገበጣ ለማሳያና ለእነዚህ ልጆች ይሁን፤ የቀረው ክፍል በመሬት ላይ ይቆፍር። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ወንበር፣ መጽሐፍና መርጃ መሣሪያም አጥተዋል። ወደፊት የምንመደብበት ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ይዞ ቢጠብቀን «መሣሪያ የለም» ብሎ መቀመጥ አይገባም። በእጁ መሥራት የሚችል መምህር ቢያንስ ከዜሮ አይጀምርም።

እንጨት አመራረጥ

ገበጣ ልክ እንደ ገበቴ ከአንድ ወጥ እንጨት ይፈለፈላል። ለገበቴ የተመሰገነው ዋንዛ ነው፤ ለመሮ ገር ስለሆነና ቶሎ ስለማይሰነጠቅ። ወይራ ጠንካራና ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን እጅ ያደክማል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ነገር ግን እርጥብ እያለ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ማሳሰብ እንፈልጋለን። ለገበጣ ተብሎ ሀገር በቀል ዛፍ አይቆረጥ! በላስታ ደጋ ዋንዛው፣ ጥዱ፣ ወይራውና ኮሶው በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በተጠበቁ ቦታዎች ነው። ልጅን ቁጥር ለማስተማር ብሎ ዛፍ መጣል የማይመጣጠን ነገር ነው። ደግሞም ትኩስ እንጨት ለሥራው አይመችም። የአናጢዎች ልምድ እንደሚለው አንድ ጣውላ በጥላ ለመድረቅ ለየ2.5 ሴ.ሜ. ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። 5 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሊቆይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌ እንጨት ነው፤ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፣ የፈረሰ በር፣ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ። በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ ደግሞም ደርቆ ያለቀ ነው።

መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። እንጨቱን በሱቅ ሚዛን መዝኑት፤ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የተቀበረ ሚስማር እንዳይኖር በማግኔት ፈትሹ። አንድ የተደበቀ ሚስማር የመሮውን አፍ በአንድ ምት ያበላሻል።

ስለ እንጨት ጭረት (ማለትም የቃጫው አቅጣጫ) የላስታ ልጅ ከገና ዱላ ብዙ ይማራል። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረውን ገና ለማየት ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ጨዋታውን የሚያውቅ ደግሞ ዱላው ከቀጥተኛ እንጨት ተቆርጦ እንደማይሠራ ያውቃል። በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። ምክንያቱም ቃጫው ከእጀታው እስከ ቆልማማው ጫፍ ሳይቆረጥ ስለሚጓዝ እሩሩን ሲመታ አይሰበርም። ለገበጣም ያው ነው፤ ቃጫው በገበጣው ርዝመት ይሂድ። በወርዱ ከሄደ በረድፉ መካከል ለሁለት ይከፈላል።

ልኬት

ገበጣችን ባለ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለው ነው። ልኬቱ ይህ ነው፤

ርዝመት 48 ሴ.ሜ.፣ ወርድ 18 ሴ.ሜ.፣ ውፍረት 5 ሴ.ሜ.። የእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ 6 ሴ.ሜ.፣ ጥልቀቱ ከ3 ሴ.ሜ. የማይበልጥ። እንዲህ ከሆነ ከታች 2 ሴ.ሜ. ወለል ይቀራል። አንዱ ጉድጓድ አሥራ አምስት ያህል ትናንሽ ጠጠሮችን ያለ ችግር ይይዛል።

የጉድጓዶቹን እምብርት ለማግኘት በርዝመቱ በኩል ከጫፍ 5.25 ሴ.ሜ. ለኩ፤ ከዚያ በየ7.5 ሴ.ሜ. ምልክት አድርጉ። ስድስተኛው ምልክት 42.75 ላይ ይውላል፤ እስከ ሌላው ጫፍም እንደገና 5.25 ይቀራል። ካልቀረ ልኬቱ ተሳስቷልና እንደገና ጀምሩ። በወርዱ በኩል የመጀመሪያው ረድፍ እምብርት ከጠርዝ 5 ሴ.ሜ.፣ የሁለተኛው 13 ሴ.ሜ. ነው። በኮምፓስ 3 ሴ.ሜ. ከፍታችሁ አሥራ ሁለቱን ክብ አሥምሩ። ኮምፓስ ከሌለ ክርና ሁለት ሚስማር ይበቃል።

አፈላፈል

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች መጋዝ፣ መዶሻ፣ ቀጥ ያለ መሮ፣ አፉ ጎበጥ ያለ መሮ፣ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ናቸው። እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ በሞርሳ ይያዝ። ሞርሳ ከሌለ በሁለት ችካል መካከል አስገብቶ በሽብልቅ ማጥበቅ ይቻላል። በጉልበት መካከል ይዞ መፈልፈል ፈጽሞ ክልክል ነው። ሁለቱም እጆች ሁልጊዜ ከመሮው አፍ በስተኋላ ይሁኑ። የደነዘዘ መሮ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ መሆኑን አትርሱ፤ የደነዘዘው ጉልበት ስለሚጠይቅ አምልጦ ይሄዳልና።

አፈላፈሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከክቡ መሥመር ግማሽ ሴ.ሜ. ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ከቃጫው አቅጣጫ ጋር በሚያቋርጥ መልኩ በመሮ ምቱ። ይህ ቃጫውን ቆርጦ ስንጥቁ ከክቡ ውጭ እንዳይሮጥ ያግደዋል። ቀጥሎ ከጠርዙ ወደ መሐል እየወረዳችሁ ጥቂት በጥቂት አንሡ። ከመሐል ወደ ጠርዝ ወደ ላይ ከተገፋ ግን መሮው ቃጫውን ፈልቅቆ ጠርዙን ይቦጭቀዋል። አንዱን በኩል ብቻ አትጨርሱ፤ ከግራም ከቀኝም እየተፈራረቃችሁ ውረዱ። መሥመሩ ላይ የምትደርሱት በመጨረሻ ነው።

ጥልቀቱን ለመቆጣጠር ማስመሪያ በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድማችሁ 3 ሴ.ሜ. ላይ ምልክት ያለበት ቀጭን እንጨት አቁሙ። በላሊበላ ያሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ከወጥ አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። የፈልፋይ ሕግ በድንጋይም በእንጨትም አንድ ነው፤ የተነሣው አይመለስም። አናጢ ያጠረውን ይቀጥላል፣ ግንበኛ ያነሰውን ይጨምራል፤ ፈልፋይ ግን መጨመር አይችልም። ስለዚህ ደጋግሞ መለካት የዘገምተኛነት ምልክት አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይመስላል።

5 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው እንጨት ያጣ ሰው ሌላ መንገድ አለው። 3 ሴ.ሜ. ውፍረት ባለው ጣውላ ላይ አሥራ ሁለቱን ክብ እስከ ታች አሳልፎ ይበሳና ከሥሩ 2 ሴ.ሜ. ጣውላ በኮላ ይለጥፋል። የሁለቱም ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት። እንጨት በክረምት እርጥበት ሲስብ በወርዱ ያብጣል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ቃጫቸው ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ከተለጣጠፉ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይይዘዋል፤ መጨረሻው መገንጠል ወይም መሰንጠቅ ይሆናል።

ማለስለስና ዘይት መቀባት

ጉድጓዶቹ ካለቁ በኋላ በሞረድ፣ ቀጥሎ በሻካራ፣ በመጨረሻም በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻሉ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለምና አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ይገባል። ማየት የተሳነው ልጅ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ አንዲት ስንጣሪ እንኳ መቅረት የለባትም። የራሳችሁን ጣት በዓይን ሳታዩ በየጉድጓዱ ውስጥ አዙሩና ፈትሹ።

ለቅብ የተልባ ዘይት ይመረጣል። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ እየጠነከረ የሚደርቅ ዓይነት ነው። በስሱ ይቀባል፣ የተረፈው ይጠረጋል፤ ደርቆ እስኪያልቅ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ከዚያ ይደገማል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል! በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለሆነም ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ሣር ክዳን ባለበት ግቢ ይህ ቀልድ አይደለም።

የተጠናቀቀው ገበጣ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። መምህር በብብቱ ይዞት ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል ማለት ነው።

ለክፍል የመረጥነው ደንብ

ከወንዝ ዳር 48 ለስላሳ ጠጠሮች ይለቀሙ። ባቄላና ሽንብራም ይሆናል፤ ነገር ግን ከትናንሽ ልጆች ጋር ጨዋታው ሳያልቅ ጠጠሩ ያልቃል! በየጉድጓዱ አራት አራት ይደረጋል። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ ያነሣና ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ይዘራል፤ ረድፉ ሲያልቅ ወደ ባላጋራው ረድፍ ይዞራል። የመጨረሻዋ ጠጠር የወደቀችበት ጉድጓድ ልክ አራት ከሞላ አራቱን ይወስዳል። «ላም ወለደች» የሚባል የገበጣ ዓይነት ስላለ ልጆቹ በዚህ ጊዜ «ወለደች!» ብለው ቢጮኹ አይከለከልም። ከዚያ ተራው ይቀየራል። አንዱ በተራው የሚያነሣው ካጣ፣ ወይም በገበጣው ላይ ከስምንት ያነሰ ጠጠር ከቀረ ጨዋታው ያበቃል፤ የቀረውን ሁሉም ከየረድፉ ይወስዳል። ከ24 በላይ ያገኘ አሸናፊ ነው።

ከገበጣ ወደ ሒሳብ

የሥነ ትምህርት ሊቁ ጀሮም ብሩነር ልጅ አንድን ሐሳብ በመጀመሪያ በድርጊት፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻም በምልክት እንደሚይዝ አስተምሯል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከመጨረሻው፣ ማለትም ከምልክቱ ነው። ገበጣ ከመጀመሪያው ያስጀምረናል። ሦስት ምሳሌዎችን እንስጥ።

ሀ) መደመርና መዞር። ጉድጓዶቹን ከ1 እስከ 12 ቁጠሩ። ልጁ ከማንሣቱ በፊት «የመጨረሻዋ የት ትወድቃለች?» ተብሎ ይጠየቅ። ከ3ኛው ጉድጓድ 4 ጠጠር ቢያነሣ 7ኛው ላይ ይደርሳል። ከ10ኛው 5 ቢያነሣስ? 15 ይሆናል፤ 15ኛ ጉድጓድ ግን የለም። 12 ሲቀነስ 3 ይቀራል። ይህ እኮ ልጁ በየቀኑ የሚያውቀው ሰዓት ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ቢቆይ ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ለ) ማባዛትና ማካፈል። 12 ጊዜ 4፣ 48 ነው። 48 ጠጠሮችን በ8፣ በ6፣ በ3 ጉድጓዶች እኩል ማካፈል ይቻላል፤ በ5 እና በ7 ግን ይተርፋል። ቀሪ ማለት ምን እንደሆነ ልጁ በእጁ ይዞ ያየዋል። ነጥቡን በክፍልፋይ መግለጽም ይቻላል፤ 30 ጠጠር ያገኘ ልጅ ከ48ቱ 5/8 አግኝቷል።

ሐ) ራስን ማረም። በጨዋታው መካከል በገበጣው ላይ ያለውና ሁለቱ ተጫዋቾች የያዙት ተደምሮ ሁልጊዜ 48 መሆን አለበት። በገበጣው ላይ 28፣ በአንዷ እጅ 12 ካለ በሌላው እጅ 8 አለ። ደግሞም የሚወሰደው አራት አራት ስለሆነ በገበጣው ላይ የሚቀረው ምንጊዜም ለአራት ይካፈላል። ቆጣሪው «30 አለ» ካለ መምህር ቀይ እስክሪፕቶ ማንሣት አያስፈልገውም፤ ልጆቹ ራሳቸው ስሕተቱን አግኝተው እንደገና ይቆጥራሉ። ከተሸነፈው ልጅ ይልቅ ጮክ ብሎ የሚቆጥር ማን አለ?

በአራት አራት ተከፍለው ሁለቱ ሲጫወቱ ሁለቱ ነጥቡን በደብተር ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ዙር ይቀያየሩ። ጽሑፉ ካልተጨመረበት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ድርጊቱ ወደ ምልክት የሚሻገረው በደብተሩ ነውና።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ወደ ልምምድ ማስተማር ከመውጣታችን በፊት በየቡድኑ አንድ ገበጣ ቢሠራ ስንመደብ ሁላችንም ባዶ እጃችንን አንሄድም። የተሰበረ ወንበር ወይም የተረፈ ጣውላ ያለው ያምጣ፤ መሮ መያዝ የሚችል ለማይችለው ያሳይ። የሰፈራችሁንም ደንብ ጽፋችሁ በዚህ ጋዜጣ ላይ ለጥፉልን፤ አዛውንቶች የሚያውቁት ዓይነት ሳይጻፍ እንዳይቀር። መምህራኖቻችንም ልኬቱንና ደንቡን አይተው የጎደለውን ቢያርሙልን ደስ ይለናል።